ቤት የማይመታ ግጥም

በአልፋማ ዳገት፣ ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
በግርጌዋ ወንዙ፣ በራስጌዋ ሰማይ፣
ኢዳሊና ኖረች፣ ልብስ ሰፊዋ ሴት፣
አርባ ሦስት ዓመታት፣ በዚያች ባንዲት ቤት።
ለሙሽራ፣ ለሟች፣ ለቄስ፣ ለወታደር
ቁልፍ ስትተክል ትውል፣ ቁልፍ ስትተክል ታድር።
ግድግዳው ቢያረጥብ፣ ደረጃው ቢጠብም፣
ጨው ያለቀበት ሰው በር ሳይመታ አይቀርም።

አንድ ማክሰኞ ደብዳቤ መጣ።
ሕንጻውን የገዛው ሰው አይደለም፤
ሉክሰምበርግ የፖስታ ሳጥን ያለው፣ ፊት የሌለው ገንዘብ ነው።
«በመቶ ሃያ ቀን ውስጥ ይልቀቁ» ይላል፤
ከሥሩ «ከአክብሮት ጋር»።

እዚህ ላይ ነው ግጥሜ ቤት መምታት ያቃተው።
ይቅርታ፣ አንባቢ። ቤት ፈልጌ ነበር፤
ያየሁት ሁሉ ወይ ተይዟል፣
ወይ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ።

አሁን በሯ ላይ አራት ቁጥር የሚጠይቅ የብረት ሳጥን ተንጠልጥሏል።
ሌሊቱን ሻንጣዎች በጥርብ ድንጋዩ ላይ ሲንኳኩ ይሰማል፤
ሦስት ቀን የሚቆዩ፣ በማንም ላይ ክፉ ያላሰቡ ሰዎች ሻንጣ።
የልጅ ልጇ ኔልዩ ትራም ነጂ ነው፣
እንግዶቹን እስከ አያቱ ደጅ ያደርሳል።
ሲመሽ ራሱ በጀልባ ወንዙን ተሻግሮ
ባሬይሮ ውስጥ፣ ለአራት በተከራዩት ክፍል፣
ተራው ሲደርስ ይተኛል።
ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። እጮኛው ከእናቷ ጋር ናት።
ኢዳሊና የእህቷ ልጅ ሳሎን ሶፋ ላይ።

እኛ ዘንድ፣ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ላለ ሰው
«ቤት የእግዜር ነው» የሚል መልስ አለን።
ሊዝቦን ላይ ግን እግዜርም ራሱ ቢመጣ
የሦስት ወር ቅድሚያ፣ ዋስ፣
የደመወዝ ማስረጃ ይጠየቃል።

ከተማው ምክር ቤት አለው። ፍርድ ቤት አለው።
ማዘጋጃውም ቤት አለው።
እዚያ ሄዳ ተሰለፈች፤ ሦስት ደቂቃ ፈቀዱላት።

«ሻንጣ የሚጎትተውን ልጅ አትውቀሱት» አለች፣
«እሱም ማደሪያ ነው የፈለገው።
እኔ ጨርቅ ነው የማውቀው።
ጨርቁ ካነሰ ቀሚሱን መጎተት አያረዝመውም፤ ይቀደዳል እንጂ።
የኪራይ ጣሪያ መርፌ ቁልፍ ነው፦
እስኪሰፋ ይይዛል፣ ስፌት ግን አይደለም።
መርፌ ቁልፉን ዛሬ ስጡን። ስፌቱንም ዛሬ ጀምሩ።

«በእኛ መንገድ ብቻ መስኮታቸው በጡብ የተደፈነ
አሥራ አንድ ቤት ቆጥሬአለሁ፤
ዋጋ እስኪወደድ የሚጠብቁ፣ እንደ ነጋዴ እህል።
በባዶነታቸው ላይ ግብር ጣሉ።
ከኮረብታው ጀርባ የተዘጋ የወታደር ሰፈር አላችሁ፦
ለጨረታ አታውጡት። ቤት ሥሩበት፣
የእናንተው ሆኖ ይከራይ፣ ለነርስ፣ ለትራም ነጂ።
ለሳጥን ቁልፍ የምትሰጡትን ፈቃድም ቁጠሩት፤
ሰፈር ሆቴል ሲሆን የሚሞት ሰው እንኳ አይገኝበትም።

«ደግሞ ወንድሜ ቤልሚሮ ግንበኛ ነበር፤
አንድ ፎቅ ልጨምር ብሎ ፈቃድ ጠየቀ።
ፋይሉ እዚሁ፣ እናንተ ጋር፣ ስድስት ዓመት ተኛ።
እሱ ሞተ፣ ፋይሉ ገና አልነቃም።
በዚህ ከተማ ኪራይ ሳይከፍል የሚተኛ
ያ ፋይል ብቻ ነው።»

አንዳንዶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።
ሰዓቱ ጮኸ። ሊቀመንበሩ አመሰገኗት፤
ጉዳዩ ወደ ኮሚቴ ተመራ።

ደረጃውን ስትወርድ ከረጢቷ ውስጥ
የቁልፍ ጠርሙሷ ይንኮሻኮሻል፤
የአጥንት፣ የዛጎል፣ የነሐስ፣
ምናልባት ሁለት ሺህ ቁልፍ፣
አንዱም በር አይከፍትም።